ከእናቶችና ከአባቶች ጋር ለገና የሚሠሩ ቀላል የእጅ ሥራዎች፦ የአለላ ኮከብ፣ ጧፍ፣ የገና ዱላ

የዛሬ ሦስት ዓመት ለገና ወደ ደሴ ስሄድ ከአዲስ አበባ አንድ ፌስታል ሙሉ ዕቃ ይዤ ነበር። የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ማጣበቂያ፣ የፕላስቲክ ኮከብ፣ ትንንሽ መቀስ። እማዬ ሰባዎቹን አጋምሳለች። ጉልበቷ ስለከዳት ከቤት ብዙም አትወጣም። እጇን ታፍታታ፣ ቀኑም ይለፍላት ብዬ ነው። አንዷን ወረቀት ቆርጣ አጣበቀች። ማጣበቂያው ጣቷ ላይ ደረቀ። ከዚያ ሁሉንም ሰብስባ ፌስታሉ ውስጥ መለሰችና «ልጄ፣ ይሄ እንኳ ለልጆቹ ይሁን» አለችኝ።

ትንሽ ቆይታ ከአልጋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ እስር አክርማ፣ የስፌት ሣር፣ አወጣች። ውኃ ነከረችው። ወስፌዋን ከተሰካበት ሳሙና ላይ ነቀለች። ሲመሻሽ የብርጭቆ ማስቀመጫ የምታክል ክብ ስፌት ጭኗ ላይ ነበረች። መሀሏ ላይ ቀይ ኮከብ።

ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው። ለትልቅ ሰው ቀላል ሥራ ስፈልግ የሕፃን ሥራ ይዤ ሄድኩ። እማዬ ማጣበቂያ አታውቅም፤ ስፌት ግን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የምንሠራው እጃቸው ከሚያውቀው ነገር ተነስተን ነው። የእኔ ድርሻ ዓይንና ጣት የሚያስቸግረውን ክፍል መቀነስ ብቻ ሆነ። እንዲህ ነው የምናደርገው።

መቼ ይጀመር?

የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28። ስለዚህ ስድስት ሳምንት አላችሁ። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ብትጀምሩ ግን ጠላው፣ ዶሮው፣ ዳቦው ይመጣል፤ ስፌቱን የሚያስታውሰው የለም። እኛ ኅዳር መጨረሻ ላይ እንጀምራለን። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ከቡና ጋር።

ስንደዶ (አክርማው የሚጠቀለልበት የስፌቱ ውስጠኛ ሣር) በመስከረም ነው የሚለቀመው። ዘመድ ገጠር ካላችሁ ያኔ አስይዙ። ካልሆነ ከገበያ በእስር ይገዛል፤ ባቲ ሰኞ ገበያ ለሚወጣ ሰው ማስላክም ይቻላል። አክርማውን ነጩንም፣ ቀለም የተነከረውንም (አለላውን) ግዙ። ራሳችሁ አትንከሩ። የፈላ ቀለምና የሚንቀጠቀጥ እጅ አይስማሙም።

አቀማመጥና ብርሃን

ይሄን ክፍል ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት።

ዱካ ላይ አታስቀምጧቸው። መደገፊያ ያለው ወንበር፣ እግር መሬት የሚነካ፣ ጭን ላይ ትራስ። ክንድ ትራሱ ላይ ሲያርፍ እጅ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ብርሃን ከመስኮት በጎን ይግባ። ፊት ለፊት ሲሆን ዓይን ይወጋል፤ ከኋላ ሲሆን የራስ ጥላ ሥራው ላይ ያርፋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የእኛ ቤት መስኮት ምርጥ ነው፤ የደሴ ብርድም ያኔ ትንሽ ይለቃል።

ትራሱ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጨርቅ አንጥፉ። ነጭ አክርማ በነጭ ነጠላ ላይ ለደከመ ዓይን አይታይም። በጥቁር ላይ ግን ቁልጭ ይላል።

መገጣጠሚያ የሚያማቸው ከሆነ የወስፌውን እጀታ በጨርቅ ደጋግማችሁ ጠቅልሉና በክር እሰሩት። አውራ ጣት እስኪያክል ይወፍር። ቀጭን እጀታ ብዙ ጭብጥ ይጠይቃል፤ ወፍራሙ እጅን ያሳርፋል። ከመጀመሩ በፊት ትኩስ ሲኒ በሁለት እጅ አቅፎ መያዝም ጣት ያፍታታል። እማዬ ለዚህ ምክንያት አያስፈልጋትም፤ አቦልን ያለዚያም አትለቅም።

አንድ ማሳሰቢያ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ጣታቸው ሊደነዝዝ ይችላል። ወስፌ ቢወጋቸው ላይሰማቸው ይችላል። ሥራው ሲያልቅ ጣታቸውን እዩላቸው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም የጥጥ በጉን ወይም ዱላ ማለስለሱን ስጧቸው፤ ወስፌው ይቅርባቸው።

የአለላ ኮከብ

ሰብአ ሰገልን የመራው ኮከብ ነውና ለገና ከዚህ የተሻለ የለም። መጠኑ ከጫፍ ጫፍ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በሩ ላይ፣ ግድግዳ ላይ ወይም ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል።

የሚያስፈልገው፦ አንድ ጭብጥ ስንደዶ፣ አንድ እስር ነጭ አክርማ፣ ግማሽ እስር ቀይ አለላ፣ ወስፌ፣ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ውኃ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ መቀስ። ቢጫ አለላ አትምረጡ። ቢጫና ነጭ ለእነሱ ዓይን አንድ ነው። ቀይ፣ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ይሁን።

1. አክርማውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ንከሩት። ቀዩን ለብቻ! እኔ መጀመሪያ አብሬ ነክሬው ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኖ ወጣ። ሲለሰልስ አውጡና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። ደረቅ አክርማ ይሰበራል፤ ጣትም ይቆርጣል። ሰፊ የሆነውን ቅጠል በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁት።

2. ስንደዶውን ልጡና ስድስት ወይም ስምንቱን አንድ ላይ ያዙ። ባለሙያ ከዚህ በቀጠነ ይሰፋል። እኛ የምንፈልገው ለጣት የሚጨበጥ ውፍረት ነው።

3. መነሻው። ይሄ ከሁሉም ይከብዳል፤ ስለዚህ ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ይሥራው። የስንደዶውን ጫፍ አርጥቡና ሁለት ጣት ያህል በነጭ አክርማ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። እንደ ቀንድ አውጣ ቤት አጥፉት። መሀሉን በወስፌ ወግታችሁ አክርማውን አሳልፉና ሳቡት። እንዳይፈታ ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት።

የእማዬ ጣት መነሻውን እምቢ ሲላት ጎረቤታችን ትደርሳለች። ሙስሊም ናት፤ የሰፈሩን ግማሽ መሶብ የሰፋችውም እሷ ናት። «አብሽሪ የኔ ዓለም፣ መነሻውን እኔ ልያዝልሽ» ትላትና አምስቱንም መነሻ አንድ ቡና ሳይጠጣ ትጨርሰዋለች። በወሎ የገና ኮከብ በእንዲህ ያለ እጅ ሲጀመር አዲስ ነገር አይደለም።

4. ከዚህ በኋላ እንቅስቃሴው አንድ ዓይነት ነው። ያለፈውን ዙር በወስፌ ውጉ። ወስፌውን ንቀሉ። የአክርማውን ሹል ጫፍ በቀዳዳው አሳልፉ። ሳቡ። ስንደዶው ላይ አዙሩ። እንደገና ውጉ። ይሄን እጅ ከያዘው በኋላ ጭንቅላት ማሰብ ያቆማል፤ ወሬውም ያኔ ነው የሚመጣው።

5. አክርማው ሲያልቅ ጭራውን ከስንደዶው ጋር አስተኙትና አዲሱን አብራችሁ ያዙ። ቀጣዮቹ ስፌቶች ሁለቱንም ይሸፍኗቸዋል። ስንደዶው ሲሳሳ ደግሞ አንድ ሁለት አዲስ ከመሀሉ አስገቡ። ውፍረቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ካልሆነ ስፌቱ እንደ ሰፌድ ወደ አንድ ጎን ያብጣል።

6. ኮከቡ። ሦስት ዙር ነጭ ስፉ። አራተኛውና አምስተኛው ዙር ሙሉ በሙሉ ቀይ ይሁን። ስድስተኛው ላይ ክቡን በስክሪብቶ ስድስት ቦታ እኩል ክፈሉት። በእያንዳንዱ ክፍል መሀል ላይ ስድስት ስፌት ቀይ፣ የቀረው ነጭ። በሰባተኛው ዙር ቀዩ አራት ይሁን። በስምንተኛው ሁለት። በዘጠነኛው አንድ። ቀዩ ሁልጊዜ ከታች ካለው ቀይ መሀል ላይ ይረፍ። አሥረኛውን በነጭ ዝጉት። ስድስት ጫፍ ያለው ኮከብ ወጣ ማለት ነው።

ከነጭ ወደ ቀይ ስትሸጋገሩ አክርማውን አትቁረጡ። የማትሰፉበትን ቀለም ከስንደዶው ጋር አስተኝታችሁ በላዩ ላይ ስፉ። ተራው ሲደርስ ከዚያው ይነሳል።

መቁጠር ለማይሆንላቸው እኔ የማደርገው ይሄን ነው፤ ቀዩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ባለ ቀለም ስፒል እሰካለሁ። እማዬ ስፒሉ ጋ ስትደርስ ቀለም ትቀይራለች። ቁጥሩ የእኔ፣ ስፌቱ የእሷ። የማስታወስ ችግር ላለበት ሰው ደግሞ ኮከቡን ተዉት። አንድ ዙር ነጭ፣ አንድ ዙር ቀይ ይሁን። እሱም ያምራል።

7. መጨረሻው። ስንደዶውን በሰያፍ ቁረጡት፤ እየቀጠነ ይጨርስ። የአክርማውን ጭራ በመጨረሻዎቹ አራት አምስት ስፌቶች ሥር አሳልፋችሁ ጥብቅ አድርጉና ቁረጡ። በጫፉ ላይ የጥጥ ፈትል አስገብታችሁ ማንጠልጠያ አድርጉ። በሁለት ሳህን መሀል አስገብታችሁ አንድ ሌሊት ከባድ ነገር ጫኑበት፤ ዝርግ ሆኖ ይደርቃል።

በቀን ግማሽ ሰዓት ለሠራ ሰው አንድ ኮከብ አንድ ሳምንት ይወስዳል። እጇ ለፈጠነ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃታል። አትቸኩሉባቸው። ደግሞ ማታ ተደብቃችሁ የተዛነፈውን ስፌት እንዳታቃኑ። እኔ አንዴ አድርጌዋለሁ። በማግስቱ ክቡን አገላብጣ አየችና «ይሄ የኔ እጅ አይደለም» ብላ አራት ዙር ፈታችው።

ጧፍ

እማዬ በወጣትነቷ ለገና ሁለት ጊዜ ላሊበላ ሄዳለች። አሁን ያን መንገድ አትችለውም። የገና ዕለት ጠዋት ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጣለች። ካህናቱ ከቤተ ማርያም ዙሪያ ከአለቱ አናት ላይ ሆነው፣ ሌሎቹ ደግሞ ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲቀባበሉ ጧፍ ይዛ ነው የምታየው። የገዛ እጇን ጧፍ።

ሰሙ ከማር ቤት ይገኛል። ጠጅ የሚጥል ዘመድ ካላችሁ ሰፈፉን ለምኑት። ሰፈፉን ከውኃ ጋር አሙቁት፣ በጨርቅ አጥሉት፣ ይቀዝቅዝ። ንጹሑ ሰም ከላይ ይረጋል፤ ቆሻሻው ከታች ይቀራል።

ክሩን አዛውንቷ ያዘጋጁ። የጥጥ ፈትል ሦስት አራት እጥፍ አድርጎ በጭን ላይ ማክረር ነው። እንዝርት የሚችሉ ከሆነ ከባዘቶው ጀምረው ይፍተሉት። ርዝመቱ አንድ ክንድ ይበቃል።

የሚሞቀውን ክፍል ወጣት ይሥራው። ሰሙን ረዘም ባለ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጨምሩ። ጣሳውን ግማሽ ድረስ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡ። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ በፍጹም አይጣድም፤ ይነዳል። ከ60 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ራሱ ይቀልጣል፤ መፍላት አያስፈልገውም። ክሩን ጫፉን ይዛችሁ ንከሩት፣ አውጡት፣ ወጥር አድርጋችሁ ገመድ ላይ ስቀሉት። ሲጠና እንደገና ንከሩ። አምስት ስድስት ጊዜ ሲደጋገም ጧፍ ይሆናል።

መጨረሻ ላይ ወደ አዛውንቷ ይመለሳል። ለብ እያለ ለስላሳ እንጨት ላይ በመዳፍ ማንከባለል። ሲንከባለል ቀጥ ይላል፣ ያበራል። ቤቱም ማር ማር ይላል። እማዬ ከሁሉም ይሄን ነው የምትወደው፤ መዳፏ በሰሙ ሙቀት ይፍታታል።

ጧፍና ስንደዶ አንድ ቦታ አይሆኑም። ኮከቡ ከተሰቀለበት ሁለት ክንድ ራቅ አድርጋችሁ አብሩ። የነጠላውን ጫፍም ተጠንቀቁ። የሚረሱ ሰው ከሆኑ ክብሪቱ እናንተ ጋ ይሁን።

የገና ዱላና እሩር

ወንዶቹስ? አጎቴን ስፌት ያዙ ብላቸው «እኔን ሴት ልታደርጊኝ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ለክርክር ጊዜ አላጠፋሁም። በማግስቱ ከአጥር የተቆረጠ የወይራ ቅርንጫፍ ይዤላቸው ሄድኩ። «ለልጆቹ ትንሽዬ የገና ዱላ ይሥሩልኛል?» አልኳቸው። ቢላቸውን ለመፈለግ ከወንበራቸው ሲነሱ ከዘራቸውን እንኳ አልያዙም።

ጫፉ በተፈጥሮው የጎበጠ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው እርጥብ እንጨት ምረጡ። ርዝመቱ ሁለት ስንዝር ይበቃል፤ ይሄ ለግድግዳ ጌጥ ነው። ልጡን እርጥብ ሳለ ላጡት፤ ከደረቀ በኋላ ጉልበት ይጨርሳል። መጉበጡ ካነሰ ጫፉን በፍም ላይ እያገላበጣችሁ አሙቁትና ቀስ ብላችሁ አጉብጡት፣ በገመድ እሰሩት። ለአንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ በመጨረሻም ጥቂት ዘይት በጨርቅ መቀባት። የእጅ ጉልበት ያነሳቸው ሰዎች ከላጡ በኋላ ያለውን ብቻ ይሥሩ። በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ብዙም አያደክምም።

እሩሩ፣ በዱላው የሚመታው ኳስ፣ ከዚህም ይቀላል። አሮጌ ጨርቅ አድቦልቡላችሁ በወፍራም ክር ደጋግማችሁ ጠምጥሙት። እንደ እንቁላል ይከብ። ዱላውንና እሩሩን አንድ ላይ በቀይ ክር አስራችሁ በር ላይ ስቀሉት። አጎቴ ሲሠሩ ድሮ ሜዳ ላይ የተሰበረ ጥርሳቸውን ታሪክ አራት ጊዜ ነገሩን። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላሉና ጥርሱን የሰበረውን ሰውዬ እስከ ዛሬ አልተቀየሙትም። አሁንም አብረው ቡና ይጠጣሉ።

የጥጥ በግ

ይሄ ዓይናቸው በጣም ለደከመ ሰዎች ነው፤ በዳሰሳ ብቻ ይሠራል። የእንቁላል ያህል ባዘቶ አድቦልቡሉ። ነጭ ፈትል ላላ አድርጋችሁ ጠምጥሙበት። ከኮከቡ የተረፈውን ስንደዶ የጣት ግማሽ ያህል አራት ቦታ ቆርጣችሁ ለእግር ሰኩ። ለፊቱ ጥቁር ጨርቅ ቋጥራችሁ በመርፌ መያዙን ግን እናንተ ሥሩት። አንድ ካርቶን ጭድ ነስንሳችሁበት አምስት ስድስቱን አስቀምጡ። በረት ሆነ። የእረኞቹን ነገር ለልጅ ልጆች ለመንገር ከዚህ በላይ ዕቃ አያስፈልግም። እውነተኛ የበግ ጠጉር ካገኛችሁ ከጥጡ ይበልጣል፤ ግን ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። አለበለዚያ ቤቱ በግ በግ ይሸታል።

ካርድም መሥራት ይቻላል። ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ካሌንደር ጀርባውን ቁረጡና «መልካም ገና» ብለው በእጃቸው ይጻፉበት። የፊደላቸው መንቀጥቀጥ ራሱ ነው ውበቱ።

የት ይሰቀል?

ጥድ አትቁረጡ። አንድ የተገረዘ የወይራ ወይም የጥድ ቅርንጫፍ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ትከሉ። አራት አምስት ኮከብ ይበቃዋል። እኛ ቤት ሁለቱ በሩ ላይ፣ አንዱ ከረከቦቱ በላይ ግድግዳ ላይ ናቸው። ከፀሐይ አርቁ፤ አለላ ፀሐይ ላይ ይገረጣል። በዓሉ ሲያልፍ በደንብ ደርቆ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል። በፌስታል አታሽጉት፤ ይሻግታል። አይጥ የማይደርስበት ቦታ ይሁን።

አምና አምስት ኮከብ ለመጨረስ አስበን ነበር። የዋዜማው ዕለት አምስተኛዋ ስድስተኛው ዙር ላይ ነበረች፤ ወስፌው እንደተሰካ። ምጣዱ ተጥዷል፣ ሽንኩርቱ እየተከተፈ ነው። «እማዬ፣ ይቺ አልደረሰችም እንዴ?» አልኳት።

«ገና ናት» አለች። ቀና ብላም አላየችኝ። «ለጥምቀት ትደርሳለች።»

ጥር 11 ቀን ጠዋት በሩ ላይ ተሰቅላ ነበር።